ደማችንን ብቻ ሳይሆን ጥያቄያችንንም



በዚህ መጽሔት ላይ አሳቤን እንድገልጥ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ትምህርት ጥቅም ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ስለዚህ ነገር ከእኔ በፊት ያለፉት ተማሪዎች በየዓመቱ ስለ ጻፉ፣ እነርሱ ያሉትንም መልሶ ማለት አንባቢን ማድከም ስለ መሰለኝ፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ ልቤን ሲከነክነው የቆየውን ነገር ለማንሣት ወሰንሁ። ነገሩ የጉበት በሽታ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ያነበብሁትንና ያየሁትን አገናዝቤ የደረስሁበትን አስተያየት አቀርባለሁ እንጂ ሕክምና አላስተምርም። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በሰፈራችን ነው። ከእኔ በስድስት ዓመት የምትበልጥ አንዲት የጎረቤታችን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ለመሥራት ቆርጣ ፓስፖርት አወጣች፤ እናቷም ተበድረው ለጉዞው የሚያስፈልገውን ገንዘብ አዘጋጁ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠራተኛ ከመቀበላቸው በፊት የጤና ምርመራ ያዝዛሉና እርስዋም ሄዳ ተመረመረች። ከጥቂት ቀን በኋላ የተሰጣት ወረቀት ለሥራው ብቁ አይደለችም የሚል ነበር። ምክንያቱን ብትጠይቅ፣ “ደምሽ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አለ” አሏት፤ ከዚህ በላይ የነገራት ሰው የለም። በሽታው ምን እንደ ሆነ፣ ወዴት መሄድ እንደሚገባት፣ ነገ ምን እንደሚያገኛት ሳታውቅ ወረቀቷን አጥፋ በቦርሳዋ ከታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እናቷ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ “ይህማ የወፍ በሽታ ነው” ብለው ሥር የሚምስ አዋቂ ዘንድ ወሰዷት። ወሬው ግን ከእነርሱ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶት ነበር። ቡና በተፈላ ቁጥር ለእርስዋ ከንፈሩ የተሸረፈ አንድ ሲኒ ተለየላት፤ ያንንም ሲኒ ሌላ ሰው አይነካውም። አንድ እሑድ እነርሱ ቤት ተጠርተን ሳለ ራስዋ ቀድታ ስታቀብለኝ፣ “ጠጥቻለሁ” ብዬ መለስሁላት። አልጠጣሁም ነበር። እርስዋም አለመጠጣቴን ታውቅ ነበርና ሲኒውን መልሳ ረከቦቱ ላይ ስታስቀምጥ አንገቷን ደፋች። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው አለማወቅ ልናገር ተነሥቼ የራሴን መደበቅ አይገባኝም።

በማግሥቱ የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ስለዚህ በሽታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም የሚያውቁትን ነግረውኝ፣ የቀረውን እንዳነብ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሰደዱኝ። ያነበብሁት ሁሉ ከጠበቅሁት የራቀ ነበር።

በአገራችን የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሽንቱ ሲጠቁር “የወፍ በሽታ ያዘው” ይባላል። የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ስታልፍ፣ ወይም ሽንቷ ሲነካው የሚይዝ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። እኔ በእነርሱ አልስቅም። ከስድሳ ዓመት በፊት የዓለም ታላላቅ ሊቃውንትም ቢሆኑ የበሽታውን ምክንያት ገና አላገኙትም ነበርና። ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ምክንያት ብዙ ነው፤ ከእነዚያም አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው። የዚህ ቫይረስ ተንኰሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ፣ ትኩሳትም ሳያመጣ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት በዝምታ መቀመጡ ነው። ሰውየው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይወልዳል፤ በውስጡ ግን ጉበቱ ቀስ በቀስ በጠባሳ ይሞላል። በመጨረሻ ሆዱ ውኃ ሲቋጥር፣ ወይም የጉበት ነቀርሳ ሲነሣበት ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ግን ሐኪሙ የሚያደርግለት እጅግ ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መግለጫ መሠረት በ2022 ይህ ቫይረስ ሥር ሰዶባቸው የሚኖሩ ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ። በዚያው ዓመት በእርሱ ምክንያት የሞቱት 1.1 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከመቶ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት በምርመራ ያወቀው 13 ብቻ ሲሆን መድኃኒት ያገኘው ደግሞ 3 ነው። እንግዲህ የጎረቤታችን ልጅ፣ በክፉ መንገድም ቢሆን ማወቋ፣ ከጥቂቶቹ አንዷ አደረጋት ማለት ነው።

መተላለፊያውም በደም፣ በሩካቤና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው መላጨት፣ በአንድ ስለት የብዙ ሕፃናትን እንጥል መቁረጥ፣ በአንድ መርፌ መነቀስ ያስተላልፋል። ከሕመምተኛው ጋራ አብሮ መብላት፣ መጨባበጥ፣ መተቃቀፍ፣ በአንድ ሲኒ ቡና መጠጣት አያስተላልፍም። ሰፈራችን ሲኒውን ለይቶ ምላጩን ግን ሳይለይ ቀርቶ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ እጅግ አስደነቀኝ። ትልቅ ሰው ሆኖ ቫይረሱ የያዘው ሰው ከመቶ ዘጠና አምስቱ ሰውነቱ ራሱ አሸንፎ ያስወጣዋል፤ በተወለደ ጊዜ የያዘው ሕፃን ግን ከመቶ ዘጠናው ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል። ስለዚህ የዚህ ጦርነት ዋና ሜዳ የወሊድ አልጋ ነው።

ወደ ምርምሩ ታሪክ ልግባ፤ አስተያየቴም ከዚያ የሚነሣ ነው። ባሩክ ብላምበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሰው ደም ከአገር አገር እንዴት እንደሚለያይ ለማወቅ ከብዙ የዓለም ክፍል የደም ናሙና ይሰበስብ ነበር። ጉበትን ያሰበ አልነበረም። በ1963 ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ደም የተሰጠው የአንድ አሜሪካዊ በሽተኛ ደም ከአንድ የአውስትራሊያ ጥንታዊ ተወላጅ ደም ጋራ ሲገናኝ እንግዳ የሆነ ምልክት ታየ። ሊቁም ነገሩን “የአውስትራሊያ አንቲጅን” ብሎ ሰየመውና በ1965 ጽፎ አወጣው። መጀመሪያ ከደም ነቀርሳ ጋራ የተያያዘ መስሎት ነበር። በ1967 ግን በቤተ ሙከራው ከሚሠሩት ረዳቶች አንዷ ታመመች፤ ደሟ ቢመረመር ያው ነገር ተገኘ፤ ሕመሟም የጉበት ነበር። በቶኪዮና በኒውዮርክ ያሉ ሌሎች መርማሪዎችም በየበኩላቸው ይህንኑ አረጋገጡ። ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ ክትባት ተሠራ፤ በ1981ም በአሜሪካ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ብላምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በየዓመቱ ሐምሌ 21 ቀን የሚከበረው የዓለም የሄፓታይተስ ቀንም የእርሱ ልደት ነው። ሽልማቱ ተገቢ ነው እላለሁ። ደሙን የሰጠው ሰው ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ “አንድ የአውስትራሊያ ተወላጅ” ተብሎ ብቻ ይጠቀሳል። ይህን ነገር አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ታሪኩ ወደ ታይዋን ይሻገራል። ፓልመር ቢዝሊ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም ከታይዋን ሐኪሞች ጋራ ሆኖ 22,707 ወንዶችን ለዓመታት ተከታተለ። ከእነዚህ 3,454ቱ ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ 19,253ቱ ደግሞ የሌለባቸው ነበሩ። ውጤቱ በ1981 ሲታተም የጉበት ነቀርሳ ያገኛቸው 41 ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም 40ው ቫይረሱ ያለባቸው ነበሩ፤ ከሌሎቹ ወገን የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እርሳስ አንሥቼ አካፈልሁ፤ 223 እጥፍ መጣልኝ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ “ይህ ለምን ይጠቅመናል?” እያልን የምናጕረመርምበት ማካፈል፣ አንድ ቫይረስ ነቀርሳ እንደሚያመጣ ለዓለም ያስረዳ ማካፈል ነበር።

የታይዋን መንግሥትም ይህን ይዞ ዝም አላለም። በ1984 ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የሚወለዱትን ሕፃናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ሕፃናትን ሁሉ መከተብ ጀመረ። ከክትባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከ6 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የጉበት ነቀርሳ የሚያገኛቸው ልጆች ከመቶ ሺሕ 0.70 ነበሩ፤ ከ1990 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ይህ ቍጥር ወደ 0.36 ወረደ። ነቀርሳን በመርፌ መከላከል እንደሚቻል በሰው ላይ የታየው በዚህ ነው።

በእኛው አህጉርም ጋምቢያ አለች። በዋናው የአፍሪካ ምድር ላይ ካሉት አገሮች በስፋት የመጨረሻዋ ናት። የጋምቢያ መንግሥት፣ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ጉባኤና በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ተስማምተው በ1986 አንድ ሥራ ጀመሩ። ክትባቱ ያን ጊዜ እጅግ ውድ ነበር፤ አገሩን ሁሉ ባንድ ቀን ማዳረስ ስላልተቻለ በየአካባቢው ደረጃ በደረጃ እያስፋፉ በአራት ዓመት ውስጥ አዳረሱት። ቀድመው በተከተቡትና ገና ባልተከተቡት ሕፃናት መካከል ያለውን ልዩነትም መዝግበው ያዙ። ጉበት ነቀርሳ የሚያወጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ የዚህን ጥናት ፍሬ ለማየት ሕፃናቱ አድገው ጐልማሶች እስኪሆኑ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ጥናቱን ከጀመሩት መርማሪዎች አንዳንዶቹ ፍሬውን ሳያዩ በጡረታ እንደሚሰናበቱ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ የፈተና ውጤት ሁለት ሳምንት ሲዘገይ ምን ያህል እንደምንበሳጭ አሰብሁና አፈርሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ባለፈው የትምህርት ወቅት በክርክር ክበባችን የውጭ አገር እርዳታ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚል ርእስ ቀርቦ ነበር። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ፣ “ፈረንጅ ደማችንን ወስዶ ይማርበታል፤ ስሙንም ያስጠራበታል፤ እኛ ግን እንደ ታመምን እንቀራለን” ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ጭብጨባዬ ራሴን አላረካኝም፤ የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለችኝና።

የጓደኛዬ ንግግር እውነት አለበት። ያንን ስም አልባ የአውስትራሊያ ተወላጅ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ደም ከድሃ አገር ሄዶ ዕውቀቱ በሀብታም አገር ሲቀር፣ መድኃኒቱም ሲሠራ ዋጋው ደሙን ከሰጠው ሰው አቅም በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ታይቷል። ይህን የሚክድ ሰው ካለ ታሪክ አላነበበም። ነገር ግን ጓደኛዬ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ፣ በራችንን እንዝጋ የሚለው፣ ስሕተት ነው። በሩ ቢዘጋ ቫይረሱ ከውስጥ ነው። ቫይረሱ ፓስፖርት አልጠየቀም፤ ፓስፖርት የተከለከለችው እርስዋ ናት።

ለዚህ አሳቤ ምስክር የምጠራው ከታይዋንም ከጋምቢያም አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ነው። ቴኖፎቪር የሚባል መድኃኒት አለ። ኤች አይ ቪ ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ በአገራችን ከብዙ ዓመት ጀምሮ ይገኛል። ይኸው መድኃኒት የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ ያዳክማል፤ ጨርሶ ባያጠፋውም ጉበትን ከጥፋት ያድናል። ይሁን እንጂ ኤች አይ ቪ የሌለበት፣ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ሰው በቀላሉ አያገኘውም ነበር። በ2015 የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞች ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋራ ተባብረው ለእነዚህ ሰዎች የሕክምና መርሐ ግብር ከፈቱ፤ 1,303 ሕመምተኞችም ተመዘገቡ። ሕክምናውን የጀመሩት አብዛኞቹ ቫይረሱ ተዳከመላቸው። በመጀመሪያው ዓመት የሞቱት በአብዛኛው ጉበታቸው አስቀድሞ ክፉኛ ተጎድቶ የመጡት ነበሩ። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለውን የአባቶች ምሳሌ በቍጥር ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ አይደለም። መድኃኒቱ ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስን መመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 አውጥቶ ነበር፤ ድሃ አገሮች ውድ መሣሪያ ሳያስፈልጋቸው በቀላል የደም ምርመራ እንዲወስኑ ታስቦ የተሰናዳ ነው። አሳቡ መልካም ነበር። የቅዱስ ጳውሎስ ሐኪሞችና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ግን የጉበትን መጠንከር በሚለካ መሣሪያ የራሳቸውን ሕመምተኞች እየመረመሩ መመሪያውን ፈተኑት። በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፣ መመሪያው ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ኢትዮጵያውያን ግማሹን ሳያያቸው ያልፍ ነበር። ግማሹን! ከሁለት ሕመምተኞች አንዱ፣ ሐኪሙ በታማኝነት መጽሐፉን ተከትሎ፣ “አንተ ገና ነህ፤ ወደ ቤትህ ሂድ” ይባል ነበር ማለት ነው። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለውጦ ሕክምና የሚገባቸውን ሰዎች ወሰን እጅግ አሰፋው። ይህ የአንዱ ጥናት ብቻ ሥራ ነው አልልም፤ ከብዙ አገር ብዙ ጥናት ተደምሮ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱን ወገኖች ድርሻ እንመልከት። ኖርዌያውያኑ ብቻቸውን ቢሆኑ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ በሽተኛው የላቸውም፤ በአገራቸው በሽታው ጥቂት ነው። የእኛ ሐኪሞች ብቻቸውን ቢሆኑ መሣሪያውንና ገንዘቡን ከየት ያመጡታል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በጽሑፉም ላይ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በስማቸው ተጽፈዋል፤ እንደዚያ እንደ አውስትራሊያው ሰው “አንድ ተወላጅ” ተብለው አልቀሩም። ልዩነቱን ያመጣው ደሙን ይዘው ሲቀርቡ ጥያቄውንም አብረው ይዘው መቅረባቸው ነው። ስለዚህ ለጓደኛዬ የምመልስለት ቃል ይህ ነው፦ ደማችንን ብቻ ከሰጠን ናሙና እንባላለን፤ ጥያቄያችንንም ከሰጠን ባልደረባ እንባላለን።

ጥያቄ ደግሞ አላለቀብንም። እኔና የክፍል ጓደኞቼ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋራ ተደባልቆ በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት በጀመረበት በ2007 አካባቢ የተወለድን ነን። ታላላቆቻችን ይህን ዕድል አላገኙም፤ የጎረቤታችን ልጅም ከእነዚያ አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ያ ክትባት የሚጀመረው ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሆነው ነው። በወሊድ ቀን ከእናቱ የሚተላለፍበት ቫይረስ ስድስት ሳምንት አይጠብቅም። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛውም ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ መርፌ እንዲወጋ የሚመክረው። በ2022 በዓለም ከተያዙት አዲስ ሰዎች ከመቶ 63ቱ የተገኙት በአፍሪካ ሆኖ ሳለ፣ በአህጉሩ ያን የመጀመሪያ ቀን መርፌ ያገኙት ሕፃናት ከመቶ 18 ብቻ ነበሩ። በአገራችን በ2019 በተደረገው ጥናት ከመቶ ወሊድ በጤና ድርጅት የተካሄደው 48ቱ ነው፤ የቀረው በቤት ነበር። እንግዲህ መርፌው በሆስፒታል ቢገኝ እንኳ በደጋ መንደር በእኩለ ሌሊት በቤት የተወለደውን ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ በምን እግሩ ያገኘዋል?

ይህን ጥያቄ ኦስሎ ወይም ለንደን ተቀምጦ የሚመልስ ሰው የለም። ከኢንዶኔዥያ ግን የምንማረው አለ። እዚያ የመንደር አዋላጆች አስቀድሞ የተሞላ አንድ መርፌ ይዘው ወደ ወላዲቱ ቤት እየሄዱ ሕፃኑን ይከትቡ ነበር፤ ክትባቱ ሙቀትን ከብዙ ክትባቶች ይልቅ ስለሚታገሥ ለጥቂት ጊዜ ከማቀዝቀዣ ውጭ መቆየቱ አልጎዳውም። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ የትኛዋ እናት መቼ እንደምትወልድ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። ትብብር ስንል ዓይናችን ወደ አውሮፓ ብቻ መመልከቱ ልማድ ሆኖብን እንጂ፣ ከእስያ መንደር አዋላጅና ከጋምቢያ ነርስ የምንወስደው ትምህርት ለእኛ ኑሮ የቀረበ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆረቁረኛል። ምርመራው የሚደረግለት ሰው ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ለሥራ፣ ለጉዞ ወይም ለደም ልገሳ ተመርምሮ “አለብህ” የተባለ ሰው ቀጥሎ የሚሄድበትን ቦታ የሚነግረው አንድ ወረቀት ቢሰጠው ምን ያህል ያስወጣል? እኛ ተማሪዎች እንኳ ያን ወረቀት በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ልንጽፈው እንችላለን። ወላጆቼና አስተማሪዎቼ ይህን አንብበው፣ “ተማሪ ነህና ትምህርትህን ብቻ አጥና” እንደማይሉኝ ተስፋ አለኝ፤ ይህም ትምህርቴ ነውና። ለታላላቆቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ እባካችሁ ተመርመሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ።

የጎረቤታችንን ልጅ ነገር ልጨርስ። ወደ ሆስፒታል ሄዳ ተመርምራ ጉበቷ እስካሁን ደኅና መሆኑ ተነገራት፤ በየጊዜውም እየሄደች ትታያለች። እናቷና ወንድሞቿም ተመረመሩ። ባለፈው ዓመት አግብታ አሁን ነፍሰ ጡር ናት። እኔም አንድ እሑድ እነርሱ ቤት ሄጄ ቡና በተፈላ ጊዜ ያንን የተሸረፈ ሲኒ አንሥቼ፣ “በዚህ ቅጅልኝ” አልኋት። እናቷ ደንግጠው፣ “ተው ልጄ! ንጹሕ ሲኒ አለልህ” አሉኝ። እርስዋ ግን ሳቀችና ቀዳችልኝ። ከንፈሬን እንዳይቈርጠኝ ዞር አድርጌ ጠጣሁ።

ያነበብሁትን ሁሉ፣ የታይዋኑንም የጋምቢያውንም፣ ነገርኋት። በትዕግሥት ከሰማችኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ “ይኸ በመጀመሪያው ቀን የሚወጋ ያልኸው መርፌ፣ እኔ የምወልድ ቀን ይኖራል ወይ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሐሙስ ከእናቷ ጋራ ሦስታችን ወደምትወልድበት ጤና ጣቢያ ሄደን አዋላጂቱን ጠየቅናት። አዋላጂቱም ጥያቄያችንን በደብተሯ ላይ ጻፈችውና የመውለጃዋን ቀን አጠገቡ መዘገበች፤ አንድ ሳምንት ሲቀረውም ተመልሰን እንድናስታውሳት አደራ አለችን። ይህ መጽሔት ታትሞ በእጃችሁ ሲገባ ሕፃኑ ሳይወለድ አይቀርም።